በጣም እስማማለሁ

ዓርብ ከምሳ በኋላ የእኛ ቢሮ የምርምር ተቋም ይሆናል። ቅዳሜና እሁድ ለሁለተኛ ዲግሪ ክፍል የሚገቡት ባልደረቦቼ ለአማካሪያቸው የሚያሳዩት ነገር ስለሚያስፈልጋቸው፣ በየጠረጴዛው ላይ በስቴፕለር የተመታ ባለ ስድስት ገጽ መጠይቅ ይወርዳል። «ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ቢፈጅብዎት ነው!» ይሉኛል። የአንዱን ሞልቼ ሳልጨርስ ሌላዋ «የእኔስ?» ብላ ትቆማለች። እሷን እምቢ ማለት ደግሞ አይቻልም፤ የዓመት ፈቃዴ ፋይል ያለው በእሷ እጅ ነው።

ቅር አላለኝም። እንዲያውም ኩራት ይሰማኛል። የንብረት ክፍሉ፣ የግዢው፣ የሰው ሀብቱና የሒሳቡ ሠራተኛ በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ አንዱ ሌላውን የሚያጠናበት መሥሪያ ቤት የት ይገኛል? ሌላው አገር ለምርምር ብሎ ላቦራቶሪ ይሠራል። እኛ አንድ የፎቶኮፒ ማሽን በቃን፤ ቀለሙም ወረቀቱም የመንግሥት ነው።

የዚህ ሁሉ የዕውቀት ጥማት ምንጭ ደረጃው አጠገብ ያለው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው የዕድገት ማስታወቂያ ነው። ተፈላጊ ችሎታ፦ የመጀመሪያ ዲግሪና 8 ዓመት፣ ወይም ሁለተኛ ዲግሪና 6 ዓመት የሥራ ልምድ። ዲግሪው ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ የሚያስቀንሰውም ሁለት ዓመት ነው። ብልሃቱ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ላይ ነው፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ ልምድ፣ ቅዳሜና እሁድ ዲግሪ። ክፍያው ከዕቁብ ይወጣል፤ ዕድሩ ለቀረበት ለቅሶ ቅጣት ይጽፋል፤ አባትና ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራ ይሠራሉ። የምረቃው ዕለት ባለ ጋዋኑ ፎቶ በባነር ታትሞ በሩ ላይ ይሰቀላል። ይህንን ሁሉ አልፈዋለሁ፤ እኔን ያቃጠለኝ መጠይቁ ነው።

ታሮ ያማኔ እ.ኤ.አ. በ1967 መጽሐፉ ያሰፈራት አንዲት ቀመር አለች። የእኛ ሰዎች ከጸሎት ቀጥሎ በቃላቸው የያዙት እሷን ነው። የሠራተኛውን ቁጥርና የአምስት በመቶ የስሕተት መጠን ስትሰጧት ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት ትነግራችኋለች። 400 ሠራተኛ ላለው መሥሪያ ቤት መልሷ 200 ነው። እንግዲህ ከ400ው 50ው ተማሪ ናቸው እንበል። ሁሉም የሚያጠኑት የራሳቸውን መሥሪያ ቤት ነው፤ ሌላ ቦታ ሄዶ ማን የትብብር ደብዳቤ ይለምናል? 50 ሰው እያንዳንዱ 200 መጠይቅ ሲበትን 10,000 ይሆናል። ለ400 ሰው ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 25 ይደርሳል። አንዱ መጠይቅ 40 ጥያቄ ካለው፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ 1,000 ጊዜ የራይት ምልክት ያደርጋል። አምስት ደቂቃ የተባለው በእውነተኛ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ስለሆነ ድምሩ 500 ደቂቃ፣ ማለትም ከአንድ ሙሉ የሥራ ቀን በላይ ነው። በ400 ሰው ስታባዙት ከዓመት የሚበልጥ የሥራ ቀን ይወጣል። መስኮቱ ጋ የቆመው ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» ሲባል ይናደዳል፤ ሲስተሙስ አለ፣ ሰዎቹ ግን መላሽ ሆነዋል። ባለጉዳዩም ቢሆን ሥራ ፈትቶ እንዳይቆም «የደንበኞች እርካታ» የሚል ወረቀት ይሰጠዋል። ከጠዋት ጀምሮ የቆመ ሰው ስለ እርካታው ተጠይቆ፣ የጻፈውን የሚቀበለውም ያው ያስቆመው ሠራተኛ ነው። ደግሞም ይሞላል፤ ማኅተሙ ገና አልተመታለትማ!

ወደ አለቃችን ልምጣ። የእሳቸው ርዕስ «የአመራር ስልት በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ» ነበር። ማሳያው ራሳቸው የሚመሩት የሥራ ክፍል። የመጀመሪያው ገጽ «ውድ መላሽ፣ ስምዎን መጻፍ አያስፈልግም፤ የሚሰጡት መረጃ በምስጢር ይያዛል» ይላል። ሁለተኛው ገጽ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የአገልግሎት ዘመንና የሥራ መደብ ይጠይቃል። በክፍላችን ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነች የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ያለችው አንድ ናት፤ ስሟን ባትጽፍም ቅር የሚለው የለም። ቀጥሎ «የቅርብ ኃላፊዬ ሐሳቤን ያዳምጣል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይመጣል፤ ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» አምስት ምርጫ አለው። የቅርብ ኃላፊያችን አጠገባችን ቆመው እስክሪብቶ ያቀብሉናል። «በነፃነት ሙሉ» ይሉናል። ሬንሲስ ላይከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ይህን መለኪያ ሲያቀርብ እንዲህ ያለ እስክሪብቶ አቀባይ በሐሳቡም አልመጣለትም። እኛ በጣም ተስማማን። መዝገብ ቤቷም ተስማማች፤ ያውም ከሁላችን ቀድማ። ጥናቱም አመራሩ አሳታፊ መሆኑን በሳይንስ አረጋገጠ፤ በምዕራፍ አምስትም «አመራሩ ያለውን አሳታፊነት አጠናክሮ ቢቀጥል» የሚል የመፍትሔ ሐሳብ ቀረበ። አቅራቢውም ተቀባዩም እሳቸው ስለሆኑ ወዲያው ተግባራዊ ሆኗል።

ስለ ተአማኒነት ስጋት ያለው ካለ ክሮንባኽ አለለት። እ.ኤ.አ. በ1951 ያቀረበው አልፋ ከ0.7 ከበለጠ የመጠይቁ መልስ ወጥ ነው ይባላል። የእኛ ቢሮ ከዚያም ሳያልፍ አይቀርም። ጊዜ ሲያጥር አንድ የተግባር ልምምድ ተማሪ ጥግ ይዞ አርባ መጠይቅ በአንድ እጁ ይሞላላ፤ አንዱን በሰማያዊ፣ አንዱን በጥቁር እስክሪብቶ። እንዲህ ተስማምተው የሚመልሱ አርባ ሰዎች ሌላ የት ይገኛሉ?

ይህ ውሸት ነው። ጨዋታ አይደለም፣ ብልጠትም አይደለም፤ ውሸት ነው። ከዚያ በሠንጠረዥ ይቀመጣል፣ በጥቁር ጠንካራ ሽፋን ይጠረዛል፣ ሦስት መምህራን ፊት ቀርቦ ይጨበጨብለታል። መጠይቁን እንኳ ለመበተን የታከተው ደግሞ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ «ሪሰርች እናማክራለን» ከሚል ወረቀት ስልክ ቁጥር ይገነጥላል።

በአርባ ዓመት ደብተር ይዞ መመለስ የሚያስከብር ነገር ነው። የሒሳብ ክፍላችን ባልደረባ ቅዳሜ የተማረችውን ሰኞ ሥራዋ ላይ ስትሞክር፣ ስትሳሳት፣ መልሳ ስትጠይቅ አያታለሁ። ውጤቷ ከእኛዎቹ ተማሪዎች ሁሉ ዝቅ ያለ ነው፤ መመረቂያዋንም እስካሁን አልጨረሰችም፤ መጠይቅ መላሾቿን አንድ በአንድ እየዞረች «ለምን እንዲህ መለስክ?» ትላለቻ! ዕድገቱ ያለፋት ለዚሁ ነው። ወረቀቱን የጠየቀው ማስታወቂያ ስለ ሥራው አንድም ጥያቄ አልነበረውም። መዝገብ ለመምራት ሁለተኛ ዲግሪ ምን ያደርጋል? ያቺን መስመር ከማስታወቂያው ቢሰርዟት ግማሹ የቅዳሜ ክፍል ባዶውን ይቀራል፤ የቀሩት ግን ለመማር የመጡ ይሆናሉ።

ይሰርዟታል ብዬ ስለማላስብ አነስ ያለ ሐሳብ አለኝ። ሥራው በባለሙያ ይያዝ፤ በመዋቅሩ ውስጥ አዲስ መደብ ይከፈት። ማስታወቂያውንም አርቅቄዋለሁ። የሥራ መደቡ መጠሪያ፦ ከፍተኛ የመጠይቅ መሙላት ባለሙያ። ብዛት፦ 12። ተፈላጊ ችሎታ፦ ሁለተኛ ዲግሪና 6 ዓመት በጣም የመስማማት ልምድ። የራሱን እስክሪብቶ ይዞ መምጣት የሚችል። ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ።