ይቺ ናት?

ገዳሪፍ ውስጥ የመጀመሪያው ምርመራ የሚካሄደው ሻይ ሻጯ ዘንድ ነው። ከ2015ቱ የሱዳን ጦርነት በፊት እዚያ ስኖር አጎቴም በዚሁ ደንብ ጀመሩ። ትኩሳታቸው ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሚሰማቸውን ሲናገሩ ሻይ ሻጯ «ወባ» አለች፤ ሰሊጥ ጫኙ «ታይፎይድ» አለ፤ የረክሻ ነጂው ደግሞ «ፎቶ ተነሱ፣ ወንድሜን ያዳነው ፎቶ ነው» አለ። አጎቴ የወደዱት የሦስተኛውን ነው።

እኛ ሐበሾች ከሐኪም ጋር የገባነው ውል አለ፤ እሱ ያውቃል፣ እኛ ዝም እንላለን። ብዙ ከጠየቀን «እኔን ከጠየቀኝማ ምኑን ሐኪም ሆነ?» ብለን ወደ ሌላው እንሄዳለን። ማሽን የሚወደደውም ለዚሁ ይመስለኛል። «ትንፋሽ ያዝ፣ ልቀቅ» ይላል እንጂ የት ዋልክ፣ የት አደርክ አይልም።

አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። የደም ምርመራው ወባ የለም ቢልም የወባው ኪኒን ተዋጠ። የታይፎይዱ ምርመራ ግን «አለ» አለ፤ በእኛ ሰፈር እሱን በነጻ ያለፈ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። መርፌውም ተወጋ፤ ትኩሳቱ አልሰማም። አልትራሳውንድ ተነሡ፤ ጣፊያ አብጧል። ሌላ ስፔሻሊስት፣ ሌላ አልትራሳውንድ፤ ጣፊያ አብጧል። ይሄኔ አጎቴ የቆጠቧትን ቋጠሮ ፈቱ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ካርቱም ገባን። ሲቲ ስካኑም ባማረ ወረቀት፣ በማኅተም፣ ጣፊያ አብጧል አለን። ጣፊያው በዚህ ጊዜ ቀበቶ ሥር ደርሶ አጎቴ ራሳቸው በእጃቸው ይዳስሱት ነበር።

ፊልሞቹ በትልቅ ፌስታል ተጠራቀሙ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር አንዱን መዝዞ፣ ወደ ፀሐይ አንሥቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይመለከታል። አንዱማ ገልብጦ ይዞ ለኩላሊታቸው አዘነ። ቀጥሎ «ስንት ከፈላችሁ?» ይመጣል፤ ዋጋው ሲነገር በሽታው በሁሉም ፊት ይከብራል።

ገዳሪፍ ስንመለስ የገባንበት ሐኪም ሽበታም ነው። ፌስታሉን ተቀብሎ፣ ሳይከፍት፣ ወንበር ላይ አስቀመጠው። አጎቴ እንደ መሰደብ ቆጠሩት። ሰውየው ሆዳቸውን ዳበሰና ጠየቀ፦ «ክረምት ሳይገባ በፊት የት ነበሩ? ሌሊቱንስ የት ነው ያደሩት?»

ተረጎምኩ። አጎቴ ሐኪሙን ትተው እኔን አዩኝ። አገር ቤት የሚታወቀው፣ እኔም የማውቀው፣ ዶካ በኩል ሱቅ ውስጥ እንደሚሠሩ ነው።

«ሱቅ በልልኝ» አሉ።

አልኩለት። ሐኪሙ ያንኑ ጥያቄ ደገመ።

አጎቴ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «የእርሻ ዘበኛ ነበርኩ። የማድረው ሜዳ ላይ ነው፣ ከዛፍ ሥር» አሉ። ወዲያው ዞር ብለው «ይኸን ለእናትህ እንዳትነግር!»

ሐኪሙ የሚፈልገውን አገኘ። የዚያ አገር ጥቁር መሬት በበጋ ይሰነጣጠቃል። በስንጥቁና ጣልህ በሚሉት ግራር ሥር የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች፤ ከትንኝ ታንሳለች፣ የምትነክሰውም በጨለማ ነው። ከገዳሪፍ እስከ መተማና ሁመራ የእርሻ ሠራተኛውን የሚፈጀውን ካላዛር የምታስተላልፈው እሷ ናት። ከነከሰች ከወራት በኋላ ትኩሳቱ ይመጣል፣ ሰውነት ይመነምናል፣ ጣፊያ ያብጣል፤ ካልታከሙት ይገድላል።

አንዲት ጠብታ ደም ከጣታቸው ተወስዳ በቀጭን የምርመራ ወረቀት ላይ ጠብ አለች። ሻይ ተፈልቶ ሳይጠጣ ሁለት ቀይ መስመር ወጣ። ወረቀቷም ብትሆን ትሳሳታለች፤ የት እንደምትፈልግ የመራት ግን ያቺ የማደሪያ ጥያቄ ናት። ከዚህ ሁሉ ምርመራ የረከሰችውም እሷ ነበረች።

አጎቴ ወረቀቷን አገላብጠው አዩ። «ይቺ ናት?» አሉ፤ ከልባቸው ቅር ብሏቸው።

እውነቱን ለመናገር እኔም አልተሻልኩም። በየክፍሉ እየገባሁ ትኩሳቱን፣ ላቡን፣ የምግቡን መዘጋት በሁለት ቋንቋ ተርጉሜአለሁ፤ የት እንዳደሩ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም። ዘመድ አስተርጓሚ ሲሆን ሕመምተኛው ሁለት ነገር ይደብቃል፤ አንዱን ከሐኪሙ፣ አንዱን ከአስተርጓሚው።

ሁለት ዓይነት መርፌ ለ17 ቀን ተወጉ። ትኩሳቱ ለቀቀ፤ ጣፊያውም ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጠያቂው ሲጎርፍ የሲቲ ስካኑ ፊልም መስኮቱ ላይ ተለጥፎ፣ ብርሃን ከኋላው እየበራለት ይጠብቅ ነበር። ስለ ወረቀቷ ያነሣ የለም።

«ከየት ነው የያዘህ?» አሏቸው አንድ ሽማግሌ።

«የሱቁ አየር ነው» አሉ አጎቴ፣ እኔን ሳያዩ። «ውስጡ ይታፈናል።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «አዎ፣ ይታፈናል» ብዬ ተረጎምኩ፤ ከአማርኛ ወደ አማርኛ።