የስልክ ደወል የሕይወት ታሪክ

ወዳጅ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የእድራችን አባላት፤ እባካችሁ ተንቀሳቃሽ ስልካችሁን አጥፉልኝ። ሟች ራሱ ግን ድምፁን ዝቅ ማድረግ እንጂ ከነጭራሹ መጥፋት የማይወድ ፍጡር ነበር።

የስልክ ደወል የግራሃም ቤል ረዳት ከነበረው ከአባቱ ከቶማስ ዋትሰንና ከእናቱ ከኤሌክትሪክ፣ እ.ኤ.አ. በ1878 በአሜሪካ ተወለደ። እሱ ከመወለዱ በፊት ስልክ ለመጥራት የመነጋገሪያውን ስስ ብረት በእርሳስ መቆርቆር ነበር፤ «ቤቶች!» እንደማለት ነው። የሚሰማ ከተገኘ።

ሟች የጉልምስና ዘመኑን ያሳለፈው እ.ኤ.አ. በ1950 ለአገልግሎት በዋለው ዌስተርን ኤሌክትሪክ 500 ስልክ ሆድ ውስጥ ነው። ሀብቱ አንድ ጥቅል ሽቦ፣ አንድ ማግኔት፣ ሁለት የብረት ጎድጓዶችና በመካከላቸው የምትወዛወዝ አንዲት መዶሻ ነበሩ። ጥሪ ሲመጣ 90 ቮልት ገደማ የሆነ ተለዋዋጭ ጅረት (ኤሲ) በሴኮንድ 20 ጊዜ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ይደርሰዋል፤ መዶሻዋም ግራና ቀኝ እያለች በሴኮንድ 40 ጊዜ ትመታለች። ለደስታም ለመርዶም ያው አርባ ምት። አድልዎ አያውቅም ነበር፣ ነፍሱን ይማር።

ለሞቱ የተሰጠው ምክንያት «ዝም አለ» የሚል ብቻ ነው። እኔ ግን ገናዡ ነኝና ያየሁትን ልናገር። ከመስመሩ ነቅዬ (ሳትነቅሉ እጃችሁን እንዳታስገቡ፤ 90 ቮልት ለለቀስተኛ አያዝንም) የጥቅል ሽቦውን ጫፎች በቴስተር ነካሁ። ጥቂት ሺህ ኦም አሳየኝ። ሽቦው ቢበጠስ ኖሮ ቴስተሩ ምንም አያነብም ነበር። ቀጥተኛውን ጅረት (ዲሲ) አግዶ ኤሲውን ብቻ የሚያሳልፈው ካፓሲተርም ደህና ነው። ከስልኩ ሥር ያለችው የድምፅ ማስተካከያ ጥርሳም ጎማ መጨረሻው ላይ ተዘግታ ይሆን ብዬ አዞርኳት፤ እሷም አይደለችም።

ቢጫው ሽቦ ግን የትም ሳይታሰር ተንጠልጥሏል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ብዙ ቤቶች አንድ መስመር ይጋሩ ስለነበር፣ የጎረቤት ጥሪ ሁሉንም እንዳይቀሰቅስ የአንዳንዱ ደወል በቢጫው ሽቦ በኩል ከመሬት ጋር ይገናኝ ነበር። መስመሩ የአንድ ቤት ብቻ ሲሆን ቢጫው ከመስመሩ አረንጓዴ ሽቦ ጋር መታሰር አለበት፤ አለዚያ ስልኩ ያናግራል እንጂ አይጠራም። በዚያ ላይ ስልኩን የሚያከራየው የስልክ ኩባንያው ስለነበር፣ በመስመሩ ላይ ስንት ደወል እንዳለ ከማዕከል ሆኖ ይለካ ነበር። ሳያስፈቅድ ተጨማሪ ስልክ የቀጠለ ሰው እንዳይነቃበት የደወሉን ሽቦ ይነቅላል። እንግዲህ ፊት ለፊት ተቀምጠው ደረት ከሚደቁት መካከል ሟችን በገዛ እጃቸው ያፈኑ አሉ ማለት ነው። ስም አልጠራም፤ ቀብር ላይ ነን።

ለጋራ መስመር ተብሎ ለተለየ ድግግሞሽ የተቃኘ ደወልም አለ። እሱ በሴኮንድ 20 ጊዜ የሚመላለሰው ኤሲ ቢመጣ ንቅንቅ አይልም፤ ቢሆንም ሬሳ አይደለም፣ ኩሩ ነው።

ስለዚህ አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ በየጋራዥ ሽያጩ እንዲህ ያለ ዝምተኛ ስልክ ስታገኙ ለቅሶ አትቀመጡ። መጀመሪያ ጎማዋን አዙሩ፣ ጥቅል ሽቦውን ለኩ፣ ቢጫውን ከአረንጓዴው እሰሩና ከሌላ ስልክ ደውሉለት። ያን ጊዜም ዝም ካለና ያ ኩሩው ካልሆነ አብረን እንቀብረዋለን፤ እስከዚያ ግን የእድሩ ገንዘብ አይውጣ።