የቤት ነው የድርጅት?

አዲስ አበባ ውስጥ እንጨት የሚቆርጥ ሰው ወይ ፋብሪካ ነው፣ ወይ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጀ ማኅበር ነው፣ ወይ ለማገዶ ነው የሚቆርጠው። ከሥራ መልስ ሰርቪስ ቤቱ ገብቶ ለራሱ መደርደሪያ፣ ለልጁ ወንበር ልሥራ የሚል ሰው በማንም ሒሳብ ውስጥ የለም። ነጋዴው አያውቀውም፣ የመብራት መስመሩ አያውቀውም፣ እንጨት ቤቱም አያውቀውም። ጉለሌ ውስጥ ያለን ጥቂት የዚህ በሽታ ተጠቂዎች ይህንን በደንብ የተረዳነው ባንድሶው እንግዛ ያልን ጊዜ ነው።

ባንድሶውን ለማያውቀው፦ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች የተሰቀሉ ሁለት መዘውሮች አሉ፤ በእነሱ ላይ ጫፍና ጫፉ የተበየደ ቀጭን ጥርሳም ምላጭ ያለማቋረጥ ይዞራል። ምላጩ ሁልጊዜ ወደ ታች ስለሚሄድ እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ ይጫነዋል እንጂ እንደ ሰርኩላር መልሶ ሰው ላይ አይወረውርም። ቅስት ያወጣል። ወፍራም ጠርብ በቁሙ ሰንጥቆ ቀጫጭን ጣውላ ያደርጋል። ጣውላ በዛሬው ዋጋ በሚሸጥበት ከተማ ይህቺ የመጨረሻዋ ብቻዋን ለመመኘት ትበቃለች።

መርካቶ ስትገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «የቤት ነው የድርጅት?» ነው። የቤት ካልክ ድሪል ያወጡልሃል። የድርጅት ካልክ ወደ ጓዳ ወስደው ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ስሪ ፌዝ ካላገኘ የማይነቃነቅ ጭራቅ ያሳዩሃል። የእኛ ዓይነቱ ሰው የሚፈልገው፣ 10 ወይም 14 ኢንች መዘውር ያለው ማሽን «ነበረ፣ አለቀ» ነው። ካለም መስኮት ሥር ቆሞ ፀሐይ የበላው አንድ ናሙና ነው፤ እንጨት ማስደገፊያው የለም፣ መመሪያው በቻይንኛ ነው፣ ከብሎኖቹ ግማሾቹ ሌላ ማሽን ላይ ተሰደዋል። «ኦርጅናል ነው፣ ጋሼ» ይላል ልጁ። የምን ኦርጅናል እንደሆነ ግን አይናገርም።

ዋጋ ስትጠይቅ ደግሞ ስለ ዶላር ትምህርት ይሰጥሃል። እውነት ነው፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አልፏል። ይህንን የሚክድ የለም። ነገር ግን ማሽኑ ከዚያ ቀን በፊት አገር ውስጥ መግባቱን የተሸከመው አቧራ ይመሰክራል፤ ዋጋው ግን ከአቧራው በላይ በየሳምንቱ ይታደሳል። በዚያ ላይ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። በደረሰኝ ካልክ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ይደመራል፣ ፊትም ይጠቁራል። ሕግ ማክበር እንደ ጭቅጭቅ የሚቆጠርበት ሌላ ሱቅ የት አለ?

አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ምክር አያጣም። «እዚያ እኮ ርካሽ ነው፣ በሻንጣ ይምጣልህ» ይሉሃል፤ ሻንጣው 23 ኪሎ፣ ማሽኑ ከነጠረጴዛው 100 ኪሎ ገደማ መሆኑን ማን ያስረዳቸው? ቢመጣም የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። «ትራንስፎርመር ግዛ» ይላሉ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ የአሜሪካን 60 ኸርዝ ከእኛ 50 ጋር አያስታርቅም። ሞተሩ ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛውን አጥቶ እየጋለ ይዞራል። ይህንን አስረድተህ ስትጨርስ «ታዲያ ለምን ዝግጁ የሆነ ወንበር አትገዛም?» ይሉሃል። ይህቺን ጥያቄ ያልተጠየቀ የቤት አናጺ እስካሁን አላየሁም።

እሺ፣ ተገዛ እንበል። ከመርካቶ እስከ ሽሮ ሜዳ ያለው ዳገት የመኪናው ጣጣ ነው፣ እሱን ተወው። የሰፈሩ ጫኝና አውራጅ ነው አበሳው። አንተና ወንድምህ፣ ከሾፌሩ ጋር ሆናችሁ፣ ዕቃውን በእጃችሁ አውርዳችሁ ስታበቁ መጥተው ቆመው የማውረጃ ይጠይቃሉ። ያላወረዱትን። ማሽን መሆኑን ሲያዩ ሒሳቡ ይጨምራል፤ እነሱም ዘንድ «የድርጅት ነው» የሚል ተመን አለና። ወጣቶቹ ሥራ ይፈልጋሉ፣ ይገባኛል። ግን ቢያንስ አንዱን ጫፍ ያዙ።

ሰርቪስ ቤት ውስጥ ባንድሶው መትከል ራሱን የቻለ መከራ ነው። የሰርቪስ ቤት ሲሚንቶ ውኃ እንዲያፈስ ተብሎ ዘቅዘቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ማሽኑ በአራት እግሩ አይቆምም። ላሜራ ቆርጠህ ከሥሩ ትሸጉጣለህ። ከዚያ ላይኛውና ታችኛው መዘውር በአንድ ቀጥታ መስመር መሆናቸውን በረጅም ቱቦላሬ ትለካለህ። ምላጩን ታለብሳለህ፣ ትወጥራለህ፣ በእጅህ እያዞርክ የላይኛውን መዘውር ማዘንበያ ብሎን በጥቂት በጥቂቱ ታጠብቃለህ፤ ምላጩ መዘውሩ ጎማ ላይ መሐል ይዞ እስኪሄድ። ግራና ቀኙን የሚይዙትን መሪዎች የወረቀት ውፍረት ያህል ታርቃቸዋለህ። ከኋላ ያለው ኩሽኔታ ምላጩ ባዶውን ሲዞር መንካት የለበትም፣ እንጨት ሲገፋው ግን መደገፍ አለበት። በመጨረሻ ጠረጴዛውን በስኳድራ ከምላጩ ጋር ታቀናለህ። ይህ ሁሉ ደስ የሚል ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ እሮሮ የለኝም። የሚያበሽቀው ይህንን ሁሉ የሸጠልህ ሰው አለማወቁ ነው። «ሰካው፣ ይሠራል» ነው ያለህ።

ሰካኸው። የግቢው አንድ ቆጣሪ ለአከራይም ለተከራይም ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሥራ ላይ ሲሆን ትሑት ነው፤ ሲነሣ ግን ለአፍታ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ይጎትታል። በዚያው ሰዓት በግቢው ምጣድ ተጥዶ ከሆነ፣ እሱም ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይበላልና፣ ሞተሩ ያቃስታል እንጂ አይነሣም። «አንተ ልጅ፣ እንጀራዬ ዓይን አላወጣም እኮ!» ይላሉ እማማ ከማድ ቤት። እኔም ሞተሬ አልዞረም፣ እማማ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ሁላችንም በደስታ ጮኸናል፤ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም እኮ ነው። ያ ኃይል ከጉባ ተነሥቶ ያንን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ መንደራችን ሲደርስ በዚያች ሽቦ ነው የሚገባው፤ ስንት ግቢ እንደተንጠለጠለባት እግዜር ይወቀው። ግድቡ የድርጅት ነው፣ ሽቦዋ የቤት ናት።

የእሮሮዬ እምብርት ግን ምላጩ ነው። የለንደኑ ዊልያም ኒውቤሪ የባንድሶውን ሐሳብ በፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1808 ነው። ማሽኑ ግን ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የረባ አገልግሎት አልሰጠም፤ ምላጩ ከብየዳው ላይ እየተበጠሰ አስቸገረ። መላውን ያገኘችው አን ፖሊን ክሬፔን የምትባል ፈረንሳዊት ናት፤ የአበያየድ ዘዴዋን እ.ኤ.አ. በ1846 አስመዘገበች፣ መብቱን አንድ የፓሪስ ድርጅት ወሰደው፣ ዓለምም ሥራውን ጀመረ። ጉለሌ ያለን ግን 1845 ላይ ቆመናል።

14 ኢንች መዘውር ያለው ተራ ማሽን የሚያለብሰው ምላጭ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ37 ሳንቲም ገደማ፣ ስፋቱ ከ6 እስከ 19 ሚሊ ሜትር ነው። ገበያው ላይ እንደ ልብ የሚገኘው ለግንድ መሰንጠቂያ የሚሆነው፣ ጣት ሙሉ የሚሰፋው ነው። ቀጭኑን ይዘህ በያጅ ዘንድ ስትሄድ «ይቺማ ክር ናት» ብሎ ይስቃል። ከሣቀ በኋላ ግን ይበይዳታል፤ ችግሩ ያ ነው። የተበየደ ምላጭ ብየዳው ላይ ደርቆ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሚሆን መልሶ በልኩ ማሞቅና ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተው ያስፈልጋል። የእኛ ሰው ውኃ ይደፋበታል። ያበጠውን በሊማ አስተካክሎ ማለስለስም አለ፤ እሱንም «ሲሠራ ይለሰልሳል» ይልሃል። ያ እብጠት በሰከንድ ስድስት ጊዜ ያህል በመሪዎቹ መሐል ያልፋል፤ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ከዚያ ቷ! ብሎ ይበጠሳል። ተመልሰህ ስትሄድ ጥፋቱ የማሽኑ ነው። ማሽኑን የሸጠልህ ዘንድ ስትሄድ ጥፋቱ የምላጩ ነው። እንጨቱን የሸጠልህን ከጠየቅክ ደግሞ ጥፋቱ ያንተ ነው፤ አገፋፍህ ላይ ነው።

እንጨቱም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። እንጦጦ ሥር ነው ያለነው፤ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተተከለ ባሕር ዛፍ ከራስጌያችን አለ። ባሕር ዛፍ ግን ሲያድግ በውስጡ ውጥረት ይዞ የሚያድግ ዛፍ ነው። እርጥቡን ስትሰነጥቀው ሁለቱ ጎን ወይ ይፈነገላል፣ ወይ ተመልሶ ምላጩን ነክሶ ያቆመዋል። የእንጨት ቤቶቹ ደግሞ ደረቅ ነው ብለው የሚሸጡት ትናንት የተቆረጠውን ነው፤ ለአጥርና ለግንባታ ማቆሚያ የሚገዛው ሰው ድርቀቱ አያስጨንቀውም። ወንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና የሐበሻ ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክለው ነበር፤ ደግም ተደረገ። ስለዚህ ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ የጥድ ማገር እንፈልጋለን። መዓዛው፣ ቀለሙ፣ ድርቀቱ ሌላ ነው። በውስጡም ሚስማር አለ። የምታየውን ትነቅላለህ፤ የማታየው፣ አናቱ ተቆርጦ ዝጎ የተቀበረው፣ ያቺን እንደ ምንም የተገኘች ምላጭ ያለ ጥርስ ያስቀራታል።

ከዚህ ሁሉ የወጣ፣ ያለ ክርክር ገበያ ያለው አንድ ምርት ግን አለ። ሰጋቱራው። ለዶሮ ንጣፍ ይፈለጋል። በድምፁ ምክንያት ለዕድር ዳኛ ሊከሱኝ የነበሩት ጎረቤቴ ሳይቀሩ ማዳበሪያ ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። መደርደሪያውን ግን አንድም ቀን ዓይተውት አያውቁም። ሰሞኑን ምላጩ ተበጥሶ ማሽኑ ሲቆም «ምነው ዝም አልክ? ዶሮዎቹ እርጥብ ላይ ተኙ እኮ» ብለው ተቆጡኝ፤ ደግሞም፣ አሉ፣ የባሕር ዛፉ ስለሚሸት ከእንግዲህ ጥድ ጥዱን ብቻ ለይቼ እንዳስቀምጥላቸው።