የድሮውን ላጥፋው?

ኮምፒውተር የሚጠግኑ ልጆች ሁሉ ከአንድ አስተማሪ የወጡ ይመስል ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ አዲሱን ጭኜልዎታለሁ፤ የድሮውን ላጥፋው?» ጥያቄ አትበሉት። እናንተ «ቆይ እስቲ» እስክትሉ ልጁ አጥፍቶ ጨርሷል።

በእኛ በራያዋ ሮቢት ግን ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ያችን ጥግ ላይ የተቀመጠች፣ አቧራ የለበሰች የዊንዶውስ ኤክስፒ ኮምፒውተር ያውቃታል። ኤክስፒ ድጋፍ ከተቋረጠበት ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጧሪ የለውም። ባለቤቱ ግን አይጥላትም፤ ሆዷ ውስጥ ፓወር ግዕዝ የሚባለው የአማርኛ መጻፊያ አለ። ድሮ ፊደላችን በኮምፒውተር ውስጥ የራሱ ቦታ ስላልነበረው በላቲኑ ወንበር ላይ ተደርቦ ይቀመጥ ነበር። ዩኒኮድ ቦታ የሰጠው በ1999 እ.ኤ.አ.፣ ዊንዶውስም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። በድሮው ዘዴ የተጻፈ ነገር ፎንቱ በሌለበት ከተከፈተ ቅንፍና ነጥብ የተበተነበት የፈረንጅ ፊደል ይሆናል። የእድራችን ደንብ በቅርቡ እንዲህ ሆኖ ተከፈተ። እንደተረዳነው ከሆነ ለቀብር የሚከፈለው በዶላር ሆኗል፤ ምልክቱ በየመስመሩ አለ።

ይህን «ላጥፋው?» ለራያ ገበሬ አቅርቡለትማ! ከእኛ ዝቅ ብላ ባለችው ከተማ ስም የሚጠራው «ጎብዬ» ማሽላ መጣለት፤ አጭር፣ ፈጥኖ የሚደርስ፣ አቀንጭራ የማይበግረው። ዘሩ ከፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ምርምር የተገኘ ነው፤ ሰውዬው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን የወሰዱ ናቸው። ቀልድ አይደለም። ታዲያ ገበሬው ደጋሊት የሚለውን ነባር ማሽላውን ጣለ? አልጣለም። በልጉ ጥሎ መሬቱ በሚያዝያ ከራሰለት ረጅሙን፣ ዘግይቶ የሚደርሰውን ይዘራል፤ እህሉ ለሰው፣ አገዳው ለከብት፣ ለማገዶና ለአጥር ነው። በልጉ ከቀረበት ደግሞ ክረምቱን ጠብቆ ወደ አጭሩ ይዞራል። የአጭሩ አገዳ ምን ያጥራል? ወፍ ቀድሞ የሚያርፈውስ በማን ላይ ነው? ስለዚህ ክርክር ጠላ ቤት ከተነሳ ይመሻል፤ እኔም አምሽቼበታለሁ፣ ከየትኛው ወገን እንደነበርኩ ግን አሁን አላስታውስም። ብቻ ሁለቱም ዘር ቤት ውስጥ ነው። አገሪቱም ብትሆን በ1976 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የዘር ባንክ አቁማለች፤ ዶክተር መላኩ ወረደም የገበሬውን ነባር ዘር ከመጥፋት በማዳናቸው በዓለም ተሸልመውበታል።

ዊንዶውስስ? አዲሱ ሲጫን የድሮውን «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚባል ማኅደር ያኖረዋል፤ ከ10 ቀን በኋላ ራሱ ይጠርገዋል። ልጁማ 10 ቀንም አይታገሥም። የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። ማን ፈቀደለት? የወንድማማቾች የርስት ክፍፍል፣ ሽማግሌ ተቀምጦ የጨረሰው የደም ዕርቅ፣ መንደር የፈረመበት ውል ያለው በዚያው ውስጥ ነው። አጥፊው ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ነገ ፍርድ ቤት ቆሞ «ነበረኝ» የሚለው ሌላ ሰው ነው። «ዘመናዊ ይሁኑ እንጂ ጋሼ» ይለኛል ደግሞ! ዘመናዊነት የሰው ወረቀት ማቃጠል ከሆነ በአፍንጫዬ ይውጣ።

እርግጥ ልጁም እውነት አለው። ዲስኩ ሞልቷል። ያቺ የኤክስፒ ኮምፒውተርም ፍላሽ በሰካችሁባት ቁጥር ቫይረስ መርቃ ነው የምትሸኘው። በዚያ ላይ እኛ የምናስቀምጠው ሁሉ የሚቀመጥ ነው ወይ? «ደንብ የመጨረሻ»፣ «ደንብ የመጨረሻ አዲስ»፣ «ደንብ የመጨረሻ የታረመ» የሚሉ ፋይሎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ የእድሩ ሰብሳቢ የፈረሙት የትኛውን እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም።

ለማንኛውም ደንቡን ያለ ቫይረስ ለመክፈት የፓወር ግዕዙ ሲዲ ከአንድ መምህር ቤት ተገኝቷል። አሁን የጠፋው ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር ነው። ቆቦ ውስጥ ሠርግ የሚቀርጽ አንድ ልጅ አለው ይላሉ፤ ደወልንለት፣ ወሩ ጥር ነውና አያነሳም። ጥር ካለፈ በኋላ ደግሞ ሑዳዴ ሳይገባ መርጦ የሚያስረክበው ስንት የሙሽራ ፎቶ አለበት መሰላችሁ።