«ይሄ ካርድ የአያትህ ነው?»

የጎረቤቴ ልጅ ከአጎቱ ኮምፒውተር ወረሰ። ውስጡ ያለው የግራፊክስ ካርድ ጂፎርስ ጂቲ 630 ይባላል፤ በዚህ ስም ከ2012 ጀምሮ ገበያ የወጣ የኤንቪዲያ ካርድ ነው። ሊኑክስ ልጫንበት ሲል የሰፈሩ አዋቂ ሁሉ ተረብ ይዞ ተሰለፈ። ልጁ ትሑት ነውና ዝም አለ። እኔ ግን ዝም አልልም፤ የተወረወረውን ሁሉ ለቅሜ መልሱን በየተራ እሰጣለሁ። የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ይሄ ካርድ የአያትህ ነው እንዴ?»

ቢሆንስ? አያት ይጦራል፤ ማን ያባርረዋል? ይህ ካርድ ዛሬም ስክሪን ያበራል፣ ፊልም ያሳያል፣ ጽሑፍ ያስጽፋል። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ በላይ ምን ያድርግለት?

«ስሙ ካርቶኑ ላይ አለ! በስሙ ፈልገህ ድራይቨሩን ጫን፣ አለቀ።»

ገና መቼ ተጀመረና! ጂቲ 630 በሚል ስም የተሸጡት ካርዶች ዘራቸው አንድ አይደለም። ጂኤፍ108 የሚባለውን ችፕ የያዘው የፌርሚ ትውልድ ነው፤ ጂኬ208 የያዘው ደግሞ የኬፕለር። ኤንቪዲያ ለፌርሚ የሠራው የመጨረሻ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን ከሥርዓቱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ 390 ሲሆን ለኬፕለር ደግሞ 470 ነው። 470ው ለፌርሚ ካርድ አይሆንም። እኛ ሰው ስንተዋወቅ ስሙን ሰምተን አናበቃም፤ «የማን ልጅ ነህ?» እንላለን። ካርድም እንዲሁ ነው። ተርሚናል ተከፍቶ ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ የሚሉት አምስት ፊደላት ተያይዘው ሲጻፉ፣ ቪጂኤ በሚለው መስመር ላይ የችፑ ስም ይወጣል። ክፍተት ትቶ ሰረዝና ኬ የጨመረበት ሰው የትኛው ድራይቨር እየሠራ እንዳለም ያያል። የልጁ ካርድ ጂኬ208 ሆኖ ተገኘ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ!

«ሊኑክስና ኤንቪዲያ ተኳርፈዋል፤ አይነጋገሩም!»

ኩርፊያው እውነት ነው። የጂቲ 630 ስም ገበያ በወጣበት በ2012 የሊኑክስ አባት ሊነስ ቶርቫልድስ ፊንላንድ ውስጥ፣ በአልቶ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ፣ ለኩባንያው መሃል ጣቱን አሳይቷል። የተኳረፈ ሁሉ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ጥቂት በጎ ፈቃደኞች የኩባንያው ሰነድ ሳይኖራቸው፣ ካርዶቹ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚለዋወጡትን መልእክት አንድ በአንድ እየፈቱ፣ ኑቮ የተባለውን ነፃ ድራይቨር ጻፉ። ኑቮ በፈረንሳይኛ «አዲስ» ማለት ነው። ከ2010 ጀምሮ የሊኑክስ እምብርት በሆነው በከርነሉ ውስጥ ይገኛል። ልጁ ሊኑክስ ሚንትን ሲጭን አንዲት ፋይል ሳያወርድ ስክሪኑ የበራለት በእነሱ ድካም ነው።

«ኑቮማ ኤሊ ነው!»

ኤሊ ያልከው እግሩ የታሰረ ፈረስ ነው። ካርዱ ከእንቅልፉ ሲነሣ በዝቅተኛ ፍጥነት ይነሣል፤ ኑቮ ደግሞ ፍጥነቱን በራሱ አያሳድግለትም። በኬፕለር ካርድ ላይ ግን ፍጥነቱን በእጅ ከፍ ማድረግ ይቻላል። የመጀመሪያ ቀን ሥራ ባይሆንም በሩ ክፍት ነው። በ2014 ጂቲኤክስ 970 እና 980 ሲወጡ ግን ኤንቪዲያ ፍጥነት የማሳደጉን ሥራ ፊርማው ካለበት ፈርምዌር፣ ማለትም ካርዱ ውስጥ ከሚሠራ ፕሮግራም፣ ጋር አሰረው፤ የኑቮ ጸሐፊዎች ቁልፉ እጃቸው ስላልነበረ በሩ ተዘጋባቸው። በዚህ በኩል የናቅኸው አሮጌ ካርድ ከታናናሾቹ ይልቅ ነፃ ነው።

«እንግዲያው 470ውን ጫንበትና ይብረር!»

ይብረር፤ ግን ማረፊያውን አስቀድመን እንወቅ። ኬፕለር ከ470 በኋላ ከመጡት ድራይቨሮች ወጥቷል፤ ለእሱ የሚወጣው የደህንነት ጥገናም በ2024 አብቅቷል። የፌርሚው 390 ደግሞ ቀድሞ በ2022 ቆሟል። ከርነሉ ግን ዛሬም ይታደሳል። የቆመ ድራይቨር ከሚሄድ ከርነል ጋር አንድ ቀን መለያየቱ አይቀርም። ስለዚህ የ3ዲ ጨዋታ የማያስፈልገው ጀማሪ በኑቮ ይጀምር፤ ከበቃው እዚያው ይቆይ። 470 የግድ ካስፈለገው ለረጅም ጊዜ የሚደገፍ ከርነል ይያዝ፤ ከመጫኑ በፊትም ሚንት ውስጥ ባለው ታይምሺፍት የሥርዓቱን ቅጂ ያስቀምጥ። ከዚያ በሚንት የድራይቨር ማኔጀር በኩል ይጫን፤ ከየትም ያገኘውን ፋይል አይጫን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

«ስክሪኑ ጠቆረ! በለው፣ ገደለው!»

ሳትመረምር ቀባሪ አትጥራ። የጠቆረ ስክሪን አብዛኛውን ጊዜ የድራይቨር አለመግባባት ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ሥራ አልተነካም። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ግራብ የሚባለው ምርጫ ማሳያ ላይ ቆሞ «ኢ» ፊደልን መጫን ነው። «ሊኑክስ» በሚል ቃል የሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኖሞድሴት» ብሎ ጽፎ ኤፍ10ን መጫን። ኮምፒውተሩ ያጌጠውን ትቶ በቀላል ምስል ይነሣል፤ ትእዛዙም ለዚያች አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከገቡ በኋላ የተጫነውን ማውለቅ ወይም በታይምሺፍት ወደ ትናንቱ መመለስ ይቻላል። ድራይቨሩ ተጭኖ ሳለ አልነቃ ካለ ደግሞ ሴኪዩር ቡት የሚባለው የኮምፒውተሩ ጥበቃ ፊርማ የሌለውን ሞጁል ከልክሎ እንደሆነ ይታይ።

«ኤንቪዲያ ኮዱን ክፍት አድርጎታል አሉ፤ ምን ያስጨንቅሃል?»

በ2022 የከርነል ሞጁሉን ከፍቷል፤ እሰየው። ግን የተከፈተው በ2018 ለጀመረው የቱሪንግ ትውልድና ከእሱ ወዲህ ለመጡት ነው። ድግሱ ተደገሰ፣ ጥሪው ለጂቲ 630 አልደረሰም። በአንጻሩ የኤንቪዲያ ተፎካካሪ ኤኤምዲ የሬዴዮን ካርዶችን ይሠራ የነበረውን ኤቲአይን በ2006 ገዝቶ በማግሥቱ ዓመት የካርዶቹን ሰነድ ለሕዝብ ማውጣት ጀመረ። ብዙ አሮጌ የሬዴዮን ካርዶች ዛሬም ሊኑክስ ላይ ያለ ልመና የሚሠሩት ለዚህ ነው። ያገለገለ ካርድ ለሊኑክስ የምትገዛ ከሆነ ከዋጋው በፊት ይህን አስብ።

«አይ፣ ጣለውና አዲስ ግዛ!»

በማን ገንዘብ? ምላስህ ለጋስ ነው፤ ኪስህንስ ጠይቀኸዋል? የዊንዶውስ 10 ነጻ ድጋፍ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍልና በዝርዝሩ ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። አንድ ብሎናቸው ያልላላ ኮምፒውተሮች በዚህ መስፈርት ብቻ ከቤት ውጡ ተባሉ። ኮምፒውተር ሁሉ በውጭ ምንዛሪ በሚገባበት አገር የሚሠራውን ዕቃ ጣል ብሎ መምከር ስንፍና ነው። ለልጁ ያ ኮምፒውተር የፕሮግራሚንግ መማሪያው፣ የማትሪክ መዘጋጃው ነው። ዕቃው አልሞተም፤ ደጋፊው ነው ጥሎት የሄደ። ኮዱ ክፍት ሲሆን ደግሞ አንዱ ደጋፊ ቢሄድ ሌላው ተረክቦ ይይዘዋል። የክፍት ኮድ ትልቁ ቁም ነገር፣ ከነፃ ዋጋውም በላይ፣ ይህ ነው።

«ጀማሪ ነህ፣ አርፈህ ተቀመጥ!»

ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ከርነሉን ሲጀምር ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የ21 ዓመት ወጣት ነበር። የኑቮ ጸሐፊዎችም የኩባንያው ሰነድ በሌለበት ሲነሡ ካርዶቹን እንደ ጀማሪ እየፈቱ ነው የተማሩት። አርፈው ተቀምጠው ቢሆን ዛሬ አንተም የምትተርብበት ሊኑክስ ባልኖረ።

ለጀማሪው የምለው አጭር ነው። የችፕህን ስም ወረቀት ላይ ጻፍ። ቅጂ ሳታስቀምጥ ምንም አትጫን። ኑቮን ሳትሞክር ሌላ አትመኝ። ስትጠይቅም የችፑን ስም፣ የከርነሉን ቁጥርና ያየኸውን ስሕተት እንዳለ ተናገር፤ ግማሽ ጥያቄ ግማሽ መልስ ያመጣል።

ለእናንተ ለምታውቁትም ልመና አለኝ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። አንድ ልጅ አሮጌ ኮምፒውተር ታቅፎ በራችሁ ሲቆም፣ አንድ ተረብ ተስፋውን ሊያስጥለው፣ አንድ ጥያቄ ደግሞ ሙያ ሊያስጀምረው ይችላል። እባካችሁ፣ ከመተረባችሁ በፊት የችፑን ስም ጠይቁት።