ዘር መራጩ

ለቡ ካለው ግቢያችን ጓሮ ባሮ ሽንኩርት በወጉ በቅሎ አያውቅም። ይህንን የምናውቀው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን፤ የጎረቤት ዶሮም ታውቃለች፣ ግን አትናገርም። የቀረው ሰው ሁሉ የባሮ ሽንኩርት ሊቅ አድርጎ ነው የሚያየኝ። ማዕረጉን የሰጠሁት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ።

የጥፋቴ ሥር ቀይ ሽንኩርት ነው። ሆላንድ የምትኖረው እህቴ ያመጣችልኝን ዘር ዘርቼ ቅጠሉ ጉድ እስኪባል አደገ፤ ራስ የሚባል ግን አልቋጠረም። የሰሜን አውሮፓ ሽንኩርት ራስ ለመቋጠር ከ14 ሰዓት የማያንስ የቀን ብርሃን እንደሚፈልግ ኋላ አነበብኩ። አዲስ አበባ ላይ ረጅም የሚባለው የሰኔ ቀን እንኳ 13 ሰዓት አይሞላም። ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት አዳማ ቀይና ቦምቤ ቀይ ግን ለእኛ ቀን የሚስማሙ ናቸው። ጤነኛ ሰው ይህን ሲሰማ አዳማ ቀይ ይተክላል። እኔ የተረፈኝ «የቀን ርዝመት» የሚለው አነጋገር ነው። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት እንኳ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ካገኘሁ ስለ ቀን ርዝመት ሳላስረዳው አልለቅም።

ቀጥዬ የዞርኩበት ባሮ ሽንኩርት ግን ራስ አይቋጥርም፤ የሚፈለገው ነጩ አንገቱ ነው። ስለዚህ ቀኑ ረዘመ አጠረ ብሎ ብዙ አይጨነቅም። የከተማችን 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታና ቀዝቀዝ ያለ አየርም ይስማማዋል። በሌላ አነጋገር፣ እዚህ ዝርያ መምረጥ ያን ያህል እንቅልፍ የሚነሳ ጉዳይ አይደለም። ይህን ጠንቅቄ እያወቅኩ በጋውን በምርጫ ጨረስኩት። መምረጥ ደስ ይላል፤ ወገብ አይጠይቅም።

ማስልብራ አለ፣ ስሙን በኤዲንብራ አጠገብ ካለች የስኮትላንድ ከተማ ያገኘ። ብሎ ደ ሶሌዝ የፈረንሳይ ነው፤ ብርድ ሲነካው ቅጠሉ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል። ካራንታን ከኖርማንዲ ነው፣ አጭርና ወፍራም። ኪንግ ሪቻርድ ደግሞ ቶሎ የሚደርስ፣ አንገቱ ቀጭንና ረጅም፣ ከባድ ውርጭ ግን የማይችል። ለክፍለ ከተማችን ለነፋስ ስልክ የሚሻለው የቱ እንደሆነ ልጅም ይፈርዳል። እኔ ማስልብራን መረጥኩ፤ ፓኬቱ ላይ ሽንኩርቱ በበረዶ ተከቦ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጀግና ነው አልኩ። የለቡን በረዶ ይቋቋምልኝ መስሎኝ።

እስክመርጥ ድረስ ታዲያ ፓኬቶቹ መኪናው ኪስ ውስጥ ፀሐይ ሲያበስላቸው ከረሙ። የሽንኩርት ዘመድ ዘር ዕድሜው አጭር ነው፤ ከአንድ ሁለት ዓመት በላይ ከቆየ፣ ሙቀትም ካገኘው፣ አብዛኛው አይበቅልም። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ኔሮ ድምፁ እንዲያምርለት ባሮ ሽንኩርት በዘይት ይበላ እንደነበር የዘመኑ ጸሐፊ ፕሊኒ መጻፉን ላገኘሁት ሁሉ ስተርክ፣ የፓኬቱን ጀርባ ገልብጬ የዘሩን ዕድሜ አላየሁም።

የበቀሉት ጥቂቶች ከአፈር የወጡት ጉልበታቸውን አጥፈው ነው። ጥቁሯን የዘር ቅርፊት ጫፋቸው ላይ እንደያዙ ቀስ ብለው ይቃናሉ፤ ከዚያ ለብዙ ጊዜ ከሣር አይለዩም። የሚለዩት ቀንጠብ አድርገው ሲያሸቷቸው ነው። እኔ የማሽተትን ሥራ ንቄ በዓይኔ ለየሁ። አረምኩ፣ ውሃ አጠጣሁ፣ ፎቶ አነሳሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ ጎንበስ ብላ አንዷን በጥሳ አሸተተችና፣

«አንተ፣ ይኼ እኮ ሣር ነው» አለችኝ።

«ሽንኩርቱስ?»

«ትናንት ነቅለህ ለጎረቤት በግ የሰጠኸዋ!»

በጉ የተዋቸው ችግኞች እርሳስ ሲያክሉ መተከል ነበረባቸው። ወጉ በእንጨት ስንዝር የሚያህል ጉድጓድ ወግቶ ችግኙን ወደ ውስጥ መጣል፣ አፈር ሳይመልሱ ውሃ ብቻ ማፍሰስ ነው፤ ፀሐይ ያላገኘው አንገት ነጭ ይሆናል። የእኛ ጓሮ መረሬ ነው፤ ከሥሩም ግንበኞቹ የቀበሩት የብሎኬት ስብርባሪ አለ። ስለዚህ ሁለት ጣት የምታህል ቀዳዳ ወግቼ «ለዚህ ዝርያ ይበቃዋል» አልኩ። ጎረቤታችን ያሉት እናት በአጥሩ በኩል አይተውኝ፣ «ልጄ፣ መደቡን ከፍ አድርገው፤ ቦይም አውጣለት» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ የስኮትላንድ ነው፤ ዝናብ ለምዷል።»

መረሬው በሐምሌ ውሃ አቆረ። ስኮትላንዳዊው ነሐሴን ሳያይ በሰበሰ።

እስከዚህ ድረስ ሞኝነት ነው፤ ኃጢአቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። በፍልሰታ የሥራ ባልደረቦቼ ባሮ ሽንኩርቴን ሊቀምሱ እንደሚመጡ ነገሩኝ። ደግነቱ የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 በኮሮናው ጊዜ ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም በ2013 ወደ እኛው ክፍለ ከተማ፣ ኃይሌ ጋርመንት፣ ተዛውሯል። ለእኔ ተብሎ የመጣ መሰለኝ። በማለዳ ሄጄ ሥሩ ያልተቆረጠ፣ አፈሩ ያልተራገፈ እስር ፈለግኩ።

«የታጠበው ይሻልሃል ወንድሜ» አለችኝ ሻጯ።

«የለም እህቴ፣ አፈር ያለውን።»

በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል ተጠንቅቄ ዝርያ መርጬ አላውቅም። አንገቱ ቀጠን ረዘም ያለ ስለነበር እዚያው ኪንግ ሪቻርድ ብዬ ሾምኩት። ሾርባው ተሠራ፤ ምስር ሳምቡሳው ውስጥም ገባ። እንግዶቹ ጣታቸውን ላሱ። እኔ ስለ አንገት ማንጣት ሳስተምር ባለቤቴ ሳህኗ ላይ አቀርቅራ ዝም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ጀሞ የሚኖር አንድ ወጣት ባልደረባዬ «ጋሼ፣ ለእኔም ችግኝ ያካፍሉኝ» አለ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ኩሽና ገባሁ፤ ከተቆረጡት ግርጌዎች ሥር ያላቸውን ለቃቅሜ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠሁት። በሳምንቱ ይደርቅበታል፣ እኔም በአፈሩ አሳብቤ እገላገላለሁ ብዬ ነበር። ለካ ሥር ያለው ግርጌ መልሶ ያቆጠቁጣል። ልጁም እንደ እኔ አንባቢ አይደለም፤ ይቆፍራል።

ጥር ላይ ፎቶ ላከልኝ። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ በመስመር ቆመዋል። ካርቶን ቆርጦ በማርከር «ኪንግ ሪቻርድ» ብሎ ጽፎ ሰክቶበታል። የብሎኩ ሰዎችም እየወሰዱ ተክለዋል አሉ። ማን እንዳበቀለው የማይታወቅ የኃይሌ ጋርመንት ሽንኩርት በእንግሊዝ ንጉሥ ስም ጀሞን እያዳረሰ ነው።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ደወለ። ለሚመጣው ክረምት አዳዲስ ዘር አግኝቷል፤ የትኛው እንደሚሻል ጨንቆታል። እውነቱን ልነግረው ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ፓኬቶቹን ይዘህ ና፣ እመርጥልሃለሁ» አልኩት። ቅዳሜ ይመጣል፤ ባለቤቴ ዘመድ ጥየቃ እሄዳለሁ ብላለች።