ለመለሎዎች የተላለፈ ማሳሰቢያ

አዲስ አበባ ለረጅም ሰው ያላት ምክር አንድ ነው፤ «ሰብሰብ በል!» ከመገናኛ ወደ አያት በሚሄደው ሚኒባስ ረዳቱ «ፋዘር፣ ጉልበትህን ሰብሰብ! አንድ ሰው ይግባ» ይለኛል። ጋቢ ስደርብ እግሬ ሲሸፈን ትከሻዬን ይበርደዋል። ዘመድ ቤት ስጠራ ከምሳ በፊት አምፖል እቀይራለሁ፣ ከምሳ በኋላ መጋረጃ እሰቅላለሁ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ96 የሆነ ሰው እንግዳ አይደለም፤ መሰላል ነው።

ከተማው ሲያጎብጠው የኖረው ወገቤ ያመፀ ጊዜ «የፒላተስ ስፖርት ያድንሃል፤ ሪፎርመር ግዛ» ተባልኩ። ሪፎርመር በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት፣ በሞላ የሚጎተት አልጋ ነው። ጀርመናዊው ጆሴፍ ፒላተስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ማን ደሴት ላይ አስረውት ሳለ፣ በበሽተኞች አልጋ ላይ ሞላ እያሰረ ያሠራቸው እንደነበር ይተረካል። የእስረኛው ብልሃት ቦሌ ሲደርስ የተመቸው ሰው ስፖርት ሆነ።

እኔም አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ትሑት ወጣት ነው።

«ይሄ ይበቃኛል?»

«ጋሼ፣ 150 ኪሎ ይችላል!»

«ቁመቴን ነው የጠየቅሁህ።»

«እሱን ከሆነ ቆዳው በሦስት ቀለም አለ።»

ተኛሁበት። ትከሻዬን ከመደገፊያው አስጠግቼ፣ እግሬን ከብረቱ ላይ አድርጌ ስገፋ፣ ጉልበቴ ገና ሳይዘረጋ አልጋው ሐዲዱን ጨርሶ «ቋ!» አለ። ልጁ ፈጠን ብሎ፣ «ጋሼ፣ ጉልበትዎን ትንሽ ሰብሰብ ቢያደርጉት...»

ሰብሰብ ለማለትማ የታክሲ ሒሳብ ይበቃኝ ነበር!

ስለዚህ መለሎ ወገኖቼ፣ ከቆዳው ቀለም በፊት ሐዲዱን ለኩ። የመሣሪያው ጠቅላላ ርዝመት አያታላችሁ፤ ብዙዎቹ 2.4 ሜትር ገደማ ናቸው። ቁም ነገሩ አልጋው የሚንሸራተትበት ርቀት ነው። የእግር ብረቱ ቦታ የሚቀየር፣ ገመዱ የሚረዝም፣ የትከሻ መደገፊያው ሰፋ የሚል ይሁን። ጣሪያችሁንም ቀና ብላችሁ እዩ። ቆሞ የሚሠራ እንቅስቃሴ ስላለ በቁመታችሁ ላይ የአልጋውን ከፍታ፣ ከዚያም የተዘረጋ ክንድ ደምሩ። አለዚያ አምፖል ቅየራው እዚያም ይከተላችኋል።

ደረጃውም አለ። ጂ+4 ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውም። የአክሱም ሐውልት እንኳ በ1997 ዓ.ም. ከሮም ሲመለስ 24 ሜትር ቁመቱን እንደያዘ አውሮፕላን አልገባም፤ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በሦስት በረራ ነው የመጣው። እናንተም መሣሪያው ተፈታቶ የሚገጠም መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ ግን፣ ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም፣ ተኝታችሁ እግራችሁን እስከ ጥፍሩ ሳትዘረጉ ብር እንዳትቆጥሩ።